አዲስ ፊት ለአሮጌ ቁስል
(ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አባት በእርሱ ዘመን አገር ያስለቀሰ ፊልም ለልጁ ያሳየዋል። አባትየው ማርክ ዎልፐር ይባላል። ፊልሙ «ሩትስ» ነው። በ1977 ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ያዘጋጀው ደግሞ የማርክ አባት፣ ማለት የልጁ አያት፣ ዴቪድ ዎልፐር ነበር። ስለዚህ ነገሩ የቤተሰብም ጉዳይ ነው፤ ልጁ እንዲያይ የተደረገው የአያቱን ሥራ ነው። አይቶስ ምን አለ? ማርክ ዎልፐር ራሱ እንደተናገረው፣ ልጁ የፊልሙ ጠቃሚነት እንደሚገባው፣ ይሁን እንጂ አባቱ እንደሚሰማው የድሮ ሙዚቃ ሁሉ ለእርሱ ምንም እንደማይነግረው ገለጸለት።

አባትየው ከዚህ መልስ በኋላ ነው «ሩትስ» በአዲስ ተዋንያን እንደገና እንዲሠራ የተነሣው። አዲሱ «ሩትስ» ሜይ 30 ቀን 2016 በሂስትሪ ቻናል ተጀምሮ ለአራት ተከታታይ ምሽቶች ታየ። ከቀድሞው ጋር 39 ዓመት ይራራቃሉ። በጊዜው ብዙ ሰው የጠየቀው ጥያቄ «ለምን አስፈለገ?» የሚል ነበር። የኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። ለመሆኑ ያ ልጅ ያልሰማው ነገር ምን ነበር? አዲሶቹ ተዋንያንስ አሰሙት ወይ?

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ሳይሆን የወጋየሁን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡት በወጋየሁ ጉሮሮ ነው፤ ጉዱ ካሣ የሚሳለቀው በወጋየሁ አንደበት ነው። ያንን ሥራ ደፍሮ የሚነካ ማንኛውም ባለሙያ ሙግቱ ከደራሲው ጋር ብቻ አይሆንም፤ ከአድማጩ ጆሮ ጋርም ነው። የቀድሞውን ተዋናይ አታንሱብኝ የሚል ሰው የሚከላከለው የተዋናዩን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ያን ጊዜ የነበረውን ራሱንም ጭምር ነው። በዚህ ምክንያት «አዲሱ ይሻላል፣ አሮጌው ይሻላል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ፍሬ የለውም፤ ሁሉም የልጅነቱን ቤት ይመርጣል። ፍሬ ያለው ጥያቄ፣ የመጀመሪያው ድልድል ምን ሥራ ይሠራ ነበር? አዲሱስ ያንን ሥራ ማን ይሠራዋል ብሎ አስቧል? የሚለው ይመስለኛል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ። አሌክስ ሄሊ «ሩትስ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1976 ነው። በጋምቢያ ወንዝ ዳር ከምትገኘው ከጁፉሬ መንደር ተፈንግሎ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠውን ኩንታ ኪንቴን የዘሩ ምንጭ አድርጎ፣ ልጁን ኪዚን፣ የልጅ ልጁን ቺክን ጆርጅን፣ ከዚያም ተከታዮቹን ትውልዶች እየቆጠረ ወደ ራሱ የሚደርስ ትረካ ነው። በኋላ የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች ብዙ ግድፈት አግኝተውበታል፤ ሃሮልድ ኮርላንደር የተባለው ደራሲም ከመጽሐፌ ተወስዷል ብሎ ከሶ፣ ጉዳዩ በ1978 በ650 ሺህ ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ይህን የማነሣው መጽሐፉን ለማጣጣል አይደለም። «ሩትስ» ከታሪክ ሰነድነቱ ይልቅ በትረካነቱ የኖረ ሥራ መሆኑን ለማስታወስ ነው። በትረካ የሚኖር ሥራ ደግሞ የተራኪው ፊት ወሳኝ ነው።

ተከታታይ ድራማው በኤቢሲ ቴሌቪዥን ከጃንዋሪ 23 እስከ 30 ቀን 1977፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 15 እስከ 22 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ስምንት ሌሊት በተከታታይ ታየ። እኛ አገር ያ ወር የራሱ የደም ወሬ ነበረው። የመጨረሻው ክፍል በታየ በአራተኛው ቀን ነው ጄኔራል ተፈሪ በንቲ የተገደሉት። እኔ «ሩትስ»ን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት በተከራየነው ካሴት፣ ቀለሙ በደበዘዘ ቴሌቪዥን ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ግን በዚያች ሳምንት ሥራ እንደፈቱ ይነገራል። የመጨረሻውን ምሽት ያየው ሕዝብ ወደ 100 ሚሊዮን ይገመታል። ስምንቱን ሌሊት ያለ ፋታ ያስከተሉት የጣቢያው ኃላፊዎች እንዲህ ይሆናል ብለው አልጠበቁም። እንዲያውም ሳይሳካ ቢቀር ጉዱ በአንድ ሳምንት ይለቅ የሚል ስጋትም ነበረበት።

ታዲያ ያ ሁሉ ነጭ ቤተሰብ ስለ ጥቁር ባሪያ የሚተርክ ድራማ ስምንት ሌሊት ቁጭ ብሎ እንዲያይ ያደረገው ምንድን ነው? ታሪኩ ኃያል ነው፤ እሺ። ነገር ግን የዴቪድ ዎልፐር ትልቁ ብልሃት የተዋንያን ድልድሉ ላይ ነበር።

የባሪያ አሳዳሪዎቹንና የፈንጋዮቹን ስም እንቁጠር። ኩንታን የሚገዛው ጆን ሬይኖልድስ ሎርን ግሪን ነው፤ በ«ቦናንዛ» ለ14 ዓመት የሦስት ወንዶች ልጆች ደግ አባት ሆኖ በየሳሎኑ የኖረ ሰው። ወንድሙን ዶክተር ሬይኖልድስን የሚጫወተው ሮበርት ሪድ ነው፤ በ«ዘ ብሬዲ በንች» የስድስት ልጆች አባት። የመርከቡ ምክትል ስሌተር ራልፍ ዌይት ነው፤ ያን ጊዜ ገና በመታየት ላይ በነበረው በ«ዘ ዋልተንስ» የድኻ ቤተሰብ አባት። ኪዚን ደፍሮ ቺክን ጆርጅን የሚያስወልዳት ቶም ሙር ደግሞ ቸክ ኮነርስ ነው፤ በ«ዘ ራይፍልማን» እናት የሌለውን ልጁን ብቻውን የሚያሳድገው አባት። የመርከቡ አዛዥ ካፒቴን ዴቪስ ኤድ አስነር ነው፤ በ«ሜሪ ታይለር ሙር» ተከታታይ ድራማ ቁጡ ግን ልበ ሩኅሩኅ አለቃ። እንግዲህ አባት፣ አባት፣ አባት፣ አባት፣ አለቃ ነው። ይህ እንዲያው የሆነ አይደለም፤ ነጩ ተመልካች የሚወዳቸውን ፊቶች ሲያይ ጣቢያ አይቀይርም የሚል ስሌት ነበረበት፤ ዎልፐርም ይህን አልደበቀም።

ይሁንና ስሌቱ ከአሳቢው ሐሳብ በላይ ሠራ። ተመልካቹ ሎርን ግሪንን ሲያይ «ይህስ የእኛው ሰው ነው» ብሎ ይቀመጣል። ከተቀመጠ በኋላ ያ የእርሱ ሰው ሰው ሲገዛ ያየዋል። ባሪያ አሳዳሪው ቀንድ ያለው ጭራቅ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ በጠላው፣ ጠልቶም ነፃ በወጣ ነበር። ትናንት ማታ ልጆቹን ሲመክር ያየውን አባት ዛሬ ማታ ሕፃን ከእናቷ ነጥሎ ሲሸጥ ሲያየው ግን መጥላቱም ማፍቀሩም ያስቸግረዋል። «እኔስ በዚያ ዘመን ብኖር?» የሚለው ጥያቄ የሚገባው በዚህች ስንጥቅ ነው። በንግግር ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት የሚወስደውን ክርክር፣ ድልድሉ ያለ ቃል ጨረሰው።

በአንጻሩ ወጣቱን ኩንታን የተጫወተው ሌቫር በርተን ማንም የማያውቀው የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ የመጀመሪያ የትወና ሥራው ነው። ተመልካቹ ስለዚህ ፊት ምንም ቅድመ ሐሳብ ስላልነበረው በርተን ተዋናይ ሳይሆን ኩንታ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጎልማሳው ኩንታ ይመጣል፤ እርሱም ጆን ኤሞስ ነው። ኤሞስ ደግሞ በ«ጉድ ታይምስ» የቤት ኪራይ ሲያጨናንቀው የሚታየው፣ ልጆቹን ግን አንገት ቀና አድርጎ የሚያሳድገው ጥቁር አባት ነበር። ከነጮቹ አባቶች መካከል አንድ ጥቁር አባት ቆመ ማለት ነው። ኩንታ ለማምለጥ ሞክሮ ሲያዝ ወይ ጉልምስናህ ወይ እግርህ ተብሎ ግማሽ እግሩ የሚቆረጠው በኤሞስ አካል ላይ ነው። ጥቁሩ ቤተሰብ በዚያ ምሽት የተቆረጠውን እግር እንደማን እግር እንዳየው መገመት አያዳግትም።

ዋጋም ተከፍሎበታል። የካፒቴን ዴቪስን ኅሊና ተመልከቱ። መጽሐፉ የመርከቡን ጉዞ የሚተርከው ከታች፣ በሰንሰለት ከታሰረው ከኩንታ ዓይን ነው። ድራማው ግን ለነጩ ተመልካች መጠጊያ ትሆነው ዘንድ ከላይ አንዲት ክፍል ሠራለት፤ በውስጧም በኃጢአቱ የሚጨነቅ አማኝ ካፒቴን አስቀመጠ። አስነር ግሩም አድርጎ ተጫውቶታል፤ የኤሚ ሽልማትም አግኝቶበታል። ነገር ግን በዚያች ክፍል ለሚጨነቀው ለአንዱ ሰው የተሰጠው ሰዓት ከታች ለሚያቃስቱት ሰዎች ሊሰጥ የሚገባው ሰዓት ነበር። የታወቀ ፊት ሲከራዩት የኪራይ ዋጋ አለው፤ ታሪኩ ወደ እርሱ ያጋድላል።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። በ2010ዎቹ የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ አሜሪካዊ ሎርን ግሪንን አያውቀውም። «ቦናንዛ» ያለቀው በ1973 ነው። ቸክ ኮነርስ ለእርሱ ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ነው እንጂ የማንም አባት አይደለም። አያትየው በጥንቃቄ ያጠመደው ወጥመድ በዚህ ልጅ ፊት ሽቦው ዝጓል። በክፉ ሥራ ላይ የሚያያቸው ሰዎች ክፉዎች ብቻ ናቸው፤ አልከዱትም፤ ምክንያቱም ቀድሞ አላመናቸውም። የቀረው ዝግ ያለ አካሄድ፣ ድስት የመሰለ ጸጉር፣ የስቱዲዮ ብርሃን ነው። ልጁ «አይነግረኝም» ሲል ሰነፍ ተመልካች ሆኖ አይደለም፤ የተነገረበት ቋንቋ ጠፍቶበት ነው።

የፊት ትርጉም መለወጡ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። በጁፉሬ ክፍል ከሚታዩት አንዱ የአሜሪካ እግር ኳስ ጀግናው ኦ. ጄ. ሲምፕሰን ነው። በ1977 ፊቱ ደስታ ነበር፤ ከ1995ቱ የፍርድ ቤት ውሎ በኋላ ግን ያንን ፊት እንደ ድሮው የሚያይ ሰው አይገኝም። ማያ አንጀሉ የኩንታ አያት ሆና ስትታይ የዛሬው ተመልካች ታላቋን ባለቅኔ ያያል፤ ክብሯም ከገጸ ባሕርይዋ ይበልጣል። ራሱ በርተን በኋላ ሕፃናትን መጽሐፍ የሚያስወድድ የቴሌቪዥን መምህር ሆኗል፤ በእርሱ ያደገ ተመልካች ግርፋቱን ሲያይ የሚገረፈው መምህሩ ነው። እንግዲህ ማንም አዲስ ተዋናይ ባይመርጥ እንኳ ዘመን ራሱ ድልድሉን እየለወጠው ነው። «አሮጌውን አትንኩት» የሚሉ ወገኖች የሚረሱት ይህን ነው። አሮጌው እኛ ሳንነካው ተነክቷል።

ስለዚህ የማርክ ዎልፐር ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። አሁን ሥራውን እንመዝነው።

አዲሱ «ሩትስ» ብዙ ነገር አሻሽሏል። የቀድሞው የአፍሪካ ክፍል የተቀረጸው በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ጁፉሬም ጥቂት ጎጆዎች ያሉባት የዋህ መንደር ናት። በአዲሱ ጁፉሬ ወንዝ ዳር የቆመች የንግድ ከተማ ናት፤ ፈረሰኛ አላት፤ ኩንታም ቲምቡክቱ ሄዶ ለመማር የሚመኝ ወጣት ነው። ፈንጋዩም ነጭ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ባላንጣ ቤተሰብ ነው ኩንታን አሳልፎ የሚሸጠው። ለአፍሪካዊ ተመልካች ይህ መራራ ቢሆንም ይበልጥ የሚከበር እውነት ነው። በ1977 ወደ ሬይኖልድስና ሙር ተለውጠው የነበሩት የጌቶቹ ስሞችም ወደ መጽሐፉ ስሞች፣ ወደ ዎለርና ሊ፣ ተመልሰዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኩንታን ከወጣትነት እስከ እርጅና አንድ ተዋናይ መጫወቱ ነው። ይህም ለንደናዊው ማላካይ ኪርቢ ነው። በቀድሞው ድራማ በርተን ወጥቶ ኤሞስ ሲገባ ሁለቱ በመልክም በጠባይም አይገናኙም፤ ተመልካቹ ያን የጁፉሬ ልጅ አንድ ማታ አጥቶት ቀረ። በኪርቢ ዓይን ግን ጁፉሬ እስከ መጨረሻው አለች። ለልጁ ስም ሊያወጣ ሌሊት ወጥቶ ሕፃኗን ወደ ሰማይ ሲያነሣት፣ እርሱን ራሱን አባቱ ያነሡበትን ሌሊት ያየነው በእነዚያው ዓይኖች ዘመን ነው። ሁለት ተዋናይ ያን ትዕይንት ሊያስተካክለው አይችልም።

የስም ነገር የሁለቱም ድራማዎች እምብርት ነውና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። በዚያ እርሻ ላይ ስምን የሚያወጣው ጅራፍ ነው። ኩንታ «ቶቢ ነኝ» እስኪል ይገረፋል። በርተን ሲገረፍ የምናየው ልጅ ነው፤ ጉንጩ ገና ለጋ ነው፤ እያንዳንዱ ወላጅ «ልጄ» ይላል። በመጨረሻ «ቶቢ» ሲል ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም፤ ከወደቀ ነገር ውስጥ የሚንጠባጠብ ይመስላል። ኪርቢ ደግሞ የሠለጠነ ተዋጊ ነው፤ ሰውነቱ እንደ ገመድ የተገመደ፣ እምቢታውም እስከ አጥንቱ የዘለቀ። እርሱ ሲሰበር የሚገባን፣ አስገራፊው ለምን ይህን ያህል እንደደከመ ነው። የበርተን ግርፋት ያስለቅሳል፤ የኪርቢ ግርፋት ያስረዳል። ሁለቱንም ማየት የቻለ ሰው ሁለቱንም ይይዛል እንጂ አንዱን አይጥልም።

ቫዮሊን መቺው ፊድለርም እንዲሁ ነው። ሉዊስ ጎሴት በጌታው ፊት የሚስቅ፣ ጌታው ዘወር ሲል ፈገግታውን እንደ ካፖርት የሚያወልቅ ሰው ነበር፤ የኤሚ ሽልማቱ ይገባዋል። ፎረስት ዊተከር ይበልጥ ዝምተኛና ይበልጥ የደከመ ነው። በቀድሞው ድራማ ፊድለር አርጅቶ ይሞታል፤ በአዲሱ ግን ሕፃኗ ኪዚ በስሟ እንድትጠራ ሲል የሌሊት ጠባቂዎችን ፊት ለፊት ገጥሞ ይወድቃል። ጎሴት ሰው እንዴት ተዋርዶ እንደሚኖር አሳየን፤ ዊተከር እንዴት ከውርደቱ እንደሚወጣ። ወደ ጎሴት አደላለሁ፤ ምክንያቱም ብዙው ሰው የኖረው በጎሴት መንገድ ነው።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ላይ ደርሰናል። በአዲሱ ድልድል የታወቀና የተወደደ ፊት የያዙት እነማን ናቸው? ዊተከር ኢዲ አሚንን ተጫውቶ በ2007 ኦስካር የወሰደ ሰው ነው። ሄሊን ሆኖ የሚተርከው ላውረንስ ፊሽበርን በዚያው ዘመን «ብላኪሽ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የአንድ ጥቁር ቤተሰብ አያት ሆኖ በየሳምንቱ በየቤቱ ይገባ ነበር። ጎልማሳዋን ኪዚን የምትጫወተው አኒካ ኖኒ ሮዝ በ2009 የዲዝኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ድምፅ ሆና የአንድ ትውልድ ሕፃናት የሚያውቋት ናት። በ1977 የተመልካቹን እምነት ይዘው የገቡት በአብዛኛው ጌቶቹ ነበሩ። በ2016 እምነቱን የያዙት ባሪያ የተደረጉት ናቸው። በ39 ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ምን ያህል እንደተጓዘ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። የቤቱ አያት ጥቁር ሆኗል፤ ታሪኩንም የሚነግረን እርሱ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላመሰግነው እወዳለሁ።

ጌቶቹስ? ኪዚን የሚደፍረው ቶም ሊ አየርላንዳዊው ጆናታን ሪስ ማየርስ ነው፤ ተመልካች የሚያውቀው በ«ዘ ቱዶርስ» የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሆኖ ነው። ጆን ዎለር በ«ሮም» ማርክ አንቶኒን የተጫወተው እንግሊዛዊው ጄምስ ፑርፎይ ነው። ዶክተር ዎለር በ«ዳውንተን አቢ» የምናውቀው እንግሊዛዊው ማቲው ጉድ ነው። የእርሻው አለቃ ስኮትላንዳዊው ቶኒ ከረን ነው። ንጉሥ፣ ሮማዊ ጄኔራል፣ መኳንንት! ሁሉም ባለሙያዎች ናቸው። በተለይ ሪስ ማየርስ፣ ጨዋ ለመባል የሚንገበገበውን፣ ንቀት ያቆሰለውን፣ ቁስሉንም በሌላ ሰው አካል ላይ የሚያራግፈውን ሰው እጅግ አሳምሮ አሳይቷል። ግን አሜሪካዊው ተመልካች በእነዚህ ፊቶች ውስጥ የሚያየው ማንን ነው? ሩቅ አገርን፣ ሩቅ ዘመንን፣ የሌላውን ኃጢአት። የቀድሞው ድራማ «ይህ አባትህ ነው» አለው፤ አዲሱ «ይህ እንግዳ ነው» አለው። ሳይታሰብበትም ይሁን ታስቦበት፣ ባርነት ከውጭ የመጣ ዕቃ መሰለ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ሎርን ግሪንም እኮ የተወለደው ካናዳ ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የፓስፖርት አይደለም፤ 14 ዓመት በሰው ሳሎን የኖረ ሰው ጎረቤት ነው። ጥቁሮቹን መሪ ተዋንያንም ብናይ ኪርቢ ለንደናዊ ነው፤ ቺክን ጆርጅ የሆነው ሬጄ-ዣን ፔጅም ልጅነቱን በሐራሬ ያሳለፈ እንግሊዛዊ ነው። የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ እንግሊዛውያን ለምን ይጫወቱታል የሚል ክርክር በዚያው ሰሞን ነበር፤ በ2017 ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን በይፋ አንሥቶታል። ነገር ግን ስለ ጌቶቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማሁም። የባሪያው አገርነት ያከራክራል፤ የጌታው አገርነት ግን አያከራክርም። እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። በ1977 አሜሪካ ሦስት ዋና ዋና ጣቢያዎች ብቻ ስለነበሯት አንድ አባት የሁሉም አባት ሊሆን ይችል ነበር። በ2016 ጣቢያው በመቶ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ስክሪን አለው። የአዲሱን የመጀመሪያ ምሽት ያየው ሕዝብም ከአምስት ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። የጋራ አባት በሌለበት አገር ማንን መርጦ ማስደንገጥ ይቻላል? ጥያቄው ያስጨንቃል። ሆኖም መልስ የሌለው አይመስለኝም። ቶም ሃንክስን የማያውቅ፣ አውቆም የማያምነው ቤተሰብ በዚያ ዘመን ስንት ነበር? ብራያን ክራንስተንን የልጆች አባት ሆኖ ያላየው ስንት ነው? እነዚህ ይህን ሚና ይጫወቱ ነበር አይጫወቱም ነበር እያልኩ አይደለም፤ ምሳሌ ነው የምሰጠው። ከእነርሱ አንዱ ሕፃን ሲሸጥ ቢታይ ያ ወጣት ሶፋው ላይ ተመቻችቶ መቀመጥ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ታሪካዊ ድራማን በአዲስ ተዋንያን መልሶ ለመሥራት ለሚያስብ ሁሉ፣ እኛም አገር ቢሆን፣ ከ«ሩትስ» የሚገኘው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። የቀድሞውን ተዋናይ የሚመስል ሰው ፍለጋ መባዘን ከንቱ ነው፤ ኪርቢ በርተንን አይመስልም፣ ባለመምሰሉም አተረፈ። ልብሱን፣ ከተማውን፣ ታሪኩን ማስተካከልም ግዴታ ነው እንጂ ግብ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው «ተመልካቹ ይህን ፊት ቀድሞ የት ያውቀዋል? ያ ዕውቀትስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ፊት እንደ ቃል ነው፤ ከዚህ በፊት የተነገረበት ቦታ ሁሉ አብሮት ይመጣል። የ1977ቱ አዘጋጆች በነጮቹ ፊት ላይ ይህን አወቁበት። የ2016ቶቹ በጥቁሮቹ ፊት ላይ አወቁበት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያወቀበት «ሩትስ» ግን ገና አልተሠራም።

ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ሲስሊ ታይሰንና ኤድ አስነር በ2021፣ ሉዊስ ጎሴትና ጆን ኤሞስ በ2024 አርፈዋል። ሥራቸው ግን አለ፤ የምትወዱ ተመልከቱት፤ ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ቢያዩትና ቢሰለቹም አትቆጧቸው። ያ ልጅ እውነቱን ነው። አያቱ የዚያን ዘመን ሰው በጎረቤቱ ፊት አስደነገጠው፤ ልጁ እነዚያን ጎረቤቶች አላወቃቸውም። አባቱ በተራው ብዙ ደከመ፤ አፍሪካን አስተካከለ፤ ኩንታን አንድ ሰው አደረገው፤ የቤቱን አያት ተራኪ አደረገ። የልጁን የራሱን ጎረቤት ግን አላሳየውም።